የመኪና ሾክና ሞላ በአዲስ ለመግጠምና ለማስተካከል የሚያገለግል መመሪያ

ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ሾክ ደግሞ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ መኪናው ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉን እንዳይቀጥል፣ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ያበርደዋል። በጋራዥ ንግግር ሁለቱም በአንድነት «ሾክ» ሲባሉ ይሰማል፤ ለዚህ ሥራ ግን ልዩነታቸው መታወቅ አለበት። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ከፊት ያለው ሞላውን በላዩ ላይ አቅፎ የሚይዘው፣ ስትራት የሚባለው ዓይነት ነው። ስትራት ከማብረድ በተጨማሪ ጎማው ቀጥ ብሎ ወይም ዘንበል ብሎ እንዲቆም የሚያደርግና መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞር አካል ስለሆነ፣ እሱን ፈትቶ መግጠም የጎማውን አቀማመጥ መንካቱ አይቀርም። ከኋላ በብዙ መኪኖች ሞላውና ሾኩ ለየብቻቸው ስለሚቀመጡ ሥራው ይቀላል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአእምሮ መያዝ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የመኪናው ክብደት በዚህ ሰዓት ያረፈው ምን ላይ ነው? ሞላ ለማውጣት ክብደቱ ከላዩ መነሳት አለበት፤ ጎሚኒ (በመጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ) ያላቸውን ቡሎኖች ለማጥበቅና ከፍታውን ለመለካት ደግሞ ክብደቱ ተመልሶ ጎማዎቹ ላይ ማረፍ አለበት። ካየኋቸው የተበላሹ ሥራዎች አብዛኞቹ የተበላሹት ይህ ቅደም ተከተል ስለተፋለሰ ነው።

ዕቃ ሲመረጥ

ሞላ ሲመረጥ ቁመቱ ብቻ መታየት የለበትም። የጥንካሬው ልክ በኒውተን በሚሊሜትር ይገለጻል፤ 25 የተባለ ሞላ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 25 ኒውተን ግፊት ይጠይቃል። የሽቦው ውፍረት ጥንካሬውን የሚለውጠው በአራተኛ ኃይል ስለሆነ፣ በሌላው ነገር ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ሞላዎች አንዱ በ12 ሌላው በ13 ሚሊሜትር ሽቦ ቢሠሩ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ይህ በዓይን በቀላሉ የማይለይ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ «ይመሳሰላል» በሚል ግምት ሞላ መግዛት አያዋጣም። በሞላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምራቹ ለመኪናዎ ሞዴልና ለሞተሩ መጠን ካወጣው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩ።

የፋብሪካውን ሞላ በመቁረጥ መኪናን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። የሚሠሩት ጥቅልሎች ቁጥር ሲቀንስ ሞላው ይጠነክራል፤ የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ ተስተካክሎ አያርፍም፤ በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ሙቀቱ በአካባቢው ያለውን ብረት ያለሰልሰዋል። ዝቅ ማለት የሚፈለግ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ሞላ መግዛት ይሻላል። ከ30 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ የሚያደርግና ከፋብሪካው የጠነከረ ሞላ ከሆነ ሾኩም አብሮ መቀየር አለበት፤ ምክንያቱም የፋብሪካው ሾክ የተሠራው ለስላሳውን ሞላ ለማብረድ ነው፣ መኪናው ዝቅ ሲልም የሾኩ ዘንግ እስከ መጨረሻው ገብቶ ከሚጋጭበት ቦታ ጋር ተቀራርቦ ይሠራል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ዕቃዎች ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራሉ።

ትናንሾቹን ዕቃዎች ማለትም የላይኛውን መቀመጫ፣ በውስጡ ያለውን ኩሽኔታ፣ በዘንጉ ላይ የሚቀመጠውንና የመጨረሻውን ግጭት የሚያለዝበውን ስቶፐር፣ የአቧራ መከላከያውንና ራሳቸውን የሚቆልፉትን ዳዶዎች አብረው ይግዙ። አሮጌውን ኩሽኔታ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ሲያዞሩት አሸዋ እንደገባበት የሚንከረከክ ከሆነ ጊዜው አልፏል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ «ይህ ገና ነው» ብዬ አሮጌውን መልሼ ገጥሜው ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው ቆሞ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ሞላው ከመቀመጫው «ጧ» ብሎ ሲዘል ይሰማ ጀመር፤ ለአንዲት ትንሽ ዕቃ ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገምኩት።

የፋብሪካው ሾክ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነ፣ ተራ ሾክ ሲገጠም ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ስለሚበራ ለዚያ የተዘጋጀ ማስተካከያ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከመፍታት በፊት መለካት

መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ፤ የጎማዎቹን ነፋስ ይሙሉ፤ በነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ያለውን መጠን ይመዝግቡ፤ መኪናውን ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ካንቀሳቀሱ በኋላ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው የታችኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ይለኩ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማው ነፋስና መበላት ልኩን ያዛቡታል። ለምሳሌ ግራ ፊት 372፣ ቀኝ ፊት 367 ሚሊሜትር ሆኖ ቢገኝ፣ ይህ የ5 ሚሊሜትር ልዩነት ከሥራው በፊት የነበረ ነው። ይህን ያልመዘገበ ሰው በመጨረሻ «አዲሱ ሞላ ጠማማ ነው» ብሎ ያለ ጥፋቱ መልሶ ይፈታዋል።

በዋዜማው ማታ በሚታዩት ቡሎኖች ላይ ያለውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩባቸው። ከመፍቻዎችና ከቡሶላዎች ሌላ ጠንካራ ክሪክ፣ ቢያንስ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ)፣ የሞላ መጭመቂያ፣ አለን መፍቻ፣ ጥብቀትን የሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ የማይጠፋ ምልክት ማድረጊያና ጠንካራ ሽቦ ያስፈልጋሉ። የመኪናዎን የጥብቀት ልክ የያዘ የጥገና መጽሐፍም አጠገብዎ ይኑር።

ማንሳትና መፍታት

የማይነሱትን ጎማዎች በሁለቱም በኩል በታኮ ይደግፉ። የሚነሱትን ጎማዎች ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር ያላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንስተው የመኪናው አካል በተመደበው የማንሻ ቦታ ላይ በካቫሌቶ እንዲያርፍ ያድርጉ። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት አይገባም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ቢነሱ ይመረጣል፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲነሳ የስታቢላይዘሩ ዘንግ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን ወገን የሚያገናኘውና መኪናው ሲታጠፍ ማዘንበሉን የሚቀንሰው) ይጠመዘዝና ከስትራቱ ጋር የሚያያይዘውን ሊንክ ለመፍታት ያስቸግራል።

ጎማው ከወጣ በኋላ በስትራቱ ላይ የታሰሩትን የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ከማሰሪያቸው ያላቁ። ቱቦውን ከካሊፐሩ መፍታት አያስፈልግም፤ ሳይወጠር ወደ ጎን መዞር መቻሉ ይበቃል። የስታቢላይዘር ሊንኩን ዳዶ ሲፈቱ መሃል ላይ ያለው ኳስ አብሮ እንዳይዞር በአለን መፍቻ ይያዙት።

ከዚህ ቀጥሎ ስትራቱን ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ይመጣሉ። በብዙ መኪኖች የጎማው ዘንበል ማለት የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከመፍታትዎ በፊት የቡሎኑን ራስና የብረቱን ጠርዝ አቀማመጥ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ቡሎኖቹን ከማውጣትዎ በፊት የታችኛውን ክንድ በክሪክ በለስላሳው ይደግፉ፤ የጎማ መሸከሚያውን ደግሞ በሽቦ ወደ አካሉ ይሰሩት። ሳይታሰር ወደ ውጭ ቢወድቅ የፍሬን ቱቦውን ይጎትተዋል፤ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግም ከመጋጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል።

በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍተው ስትራቱን ከአካሉ ጋር የያዙትን ዙሪያውን ያሉ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ዳዶዎች ይፍቱ፤ የመጨረሻው ሲወጣ ስትራቱን ከሥር የሚቀበል ሰው ይኑር። መሃል ላይ የሚታየው ትልቁ ዳዶ ግን በዚህ ሰዓት አይነካም። የተጨመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው።

ሞላውን መጭመቅ

በሥራው ሁሉ ውስጥ ሰው ሊጎዳ የሚችልበት ዋናው ቦታ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ጥንካሬው 25 የሆነ ሞላ 140 ሚሊሜትር ሲጨመቅ የሚገፋው 3500 ኒውተን ያህል ነው፤ በውስጡ ያጠራቀመው ጉልበት ደግሞ 245 ጁል ይሆናል። ይህ 25 ኪሎ ግራም ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ምት ጋር እኩል ነው፤ መጭመቂያው ካመለጠ ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይወጣል።

ሁለት የተለያዩ ዘንጎች ያሉትን መጭመቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለቱን በትክክል ፊት ለፊት፣ በተቻለ መጠን ብዙ ጥቅልል እንዲያቅፉ አድርገው ያስቀምጡ። የጥርሶቹን ብሎን በእጅ መፍቻ ብቻ ያዙሩ፤ በአንዱ ሁለት ዙር፣ በሌላው ሁለት ዙር እያፈራረቁ ይሂዱ። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ መፍቻ አይጠቀሙ፤ ሞላው ወደ አንድ ወገን መጉበጥ ሲጀምር ለማየት ጊዜ አይሰጥም። መጉበጡን ካዩ ያቁሙ፣ ያላሉ፣ መንጠቆውን ያስተካክሉ፣ እንደገና ይጀምሩ። በማንኛውም ጊዜ ፊትዎም ሆነ አብሮዎት የሚሠራው ሰው ከሞላው ጫፎች ትይዩ አይቁም።

ሞላው ከላይኛው መቀመጫ ላይ ለቅቆ በእጅ ሲነካ የሚወዛወዝ ሲሆን መጭመቁ በቅቷል። ያን ጊዜ ብቻ ዘንጉን በአለን መፍቻ ይዘው የመሃሉን ዳዶ ይፍቱ። ከማውጣትዎ በፊት የላይኛው መቀመጫ፣ የሞላው ጫፍና የታችኛው ማሰሪያ እርስ በርስ እንዴት እንደተቀመጡ ፎቶ ያንሱ፤ አንዳንድ መቀመጫ በ120 ዲግሪ ተዛንፎም ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፣ ስህተቱ የሚታወቀው ግን መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብ ሲጀምር ነው።

አዲሱን መገጣጠም

ሁለት ቱቦ ያለው ሾክ ተጋድሞ ስለሚጓጓዝ አየር በዘይቱ ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀጥ አድርገው አቁመው ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገፍተው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ሲደጋግሙ መጀመሪያ ላይ የነበረው ባዶ መንሸራተት ጠፍቶ ግፊቱ ወጥ ይሆናል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አይያዙት፤ በጥፍር ብቻ የሚዳሰስ ጭረት እንኳ ማሸጊያውን ቀስ በቀስ ይቆርጠውና ዘይቱ መፍሰስ ይጀምራል።

ስቶፐሩንና የአቧራ መከላከያውን ዘንጉ ላይ ያስገቡ። ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ከሆነ አምራቹ አጭር ስቶፐር ይልካል ወይም የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ያሳያል፤ ያለ ስቶፐር መግጠም ሾኩን በብረት ግጭት መስበር ነው። ሞላው ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ የሚነበብ ከሆነ በአብዛኛው አቅጣጫው ትክክል ነው። የታችኛው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ባለው እርከን ውስጥ ገብቶ ከመጨረሻው ግድግዳ ጋር መጠጋት አለበት፤ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ካለ ሞላውን ያዙሩት።

የመሃሉን ዳዶ በቶርክ መፍቻ ሲያጠብቁ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ይያዙ። በአየር መፍቻ ቢጠበቅ ዘንጉ በፍጥነት ሲሽከረከር የውስጡን ፒስተን ሊያላላው ይችላል። ከዚያ መጭመቂያውን እያፈራረቁ ያላሉና የሞላው ሁለቱም ጫፎች ቦታቸውን ይዘው መቅረታቸውን ይመልከቱ።

ስትራቱን ወደ ቦታው ሲመልሱ መጀመሪያ የላይኞቹን ዳዶዎች በእጅ ብቻ ይያዟቸው፤ ቀጥሎ የታችኞቹን ሁለት ቡሎኖች አስገብተው በምልክቱ ላይ ያሳርፏቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ተብለው የተመደቡ ቡሎኖች በአዲስ ይተኩ። እነዚህ ሁለቱ የሚይዙት በብረት ለብረት መፋተግ ስለሆነ ጎማው አየር ላይ እያለም በልካቸው ማጥበቅ ይቻላል።

የኋላው የተለየ ነው። የሾኩ የታችኛው ዓይንና የክንዱ መጋጠሚያዎች ጎሚኒ አላቸው፤ የጎሚኒው መሃል ቡሎኑ ሲጠብቅ በዚያው ቦታ ይቆለፋል። ክንዱ ተንጠልጥሎ ቢጠበቅ መኪናው መሬት ሲይዝ ጎሚኒው ያለማቋረጥ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል፣ መኪናውም ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ክንዱን በክሪክ ወደ ላይ ገፍተው፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ያለው ርቀት መኪናው በጎማው ሲቆም ወደሚኖረው ልክ ሲመጣ ያጥብቁ። በዋዜማው የመዘገቡት ቁጥር ከሱ ላይ የሚጠበቀው ዝቅታ ተቀንሶ እዚህ ያገለግላል። የስታቢላይዘር ሊንኩም የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው ሁለቱም ጎማዎች ሲሸከሙ ነው። የጎማ ዳዶዎች በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ የእርስዎን ከመጽሐፉ ይውሰዱ።

ከፍታውን ማስተካከል

በጥርስና በቀለበት ከፍ ዝቅ የሚል ኮይልኦቨር ከገጠሙ፣ በጣም የተለመደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ቀለበቱን አዙሮ ሞላውን በቅድሚያ መጭመቅ መኪናውን ያጠነክረዋል የሚል። ጥንካሬው ወጥ በሆነ ሞላ ይህ አይሆንም። 3000 ኒውተን የሚያርፍበት 40 ጥንካሬ ያለው ሞላ በክብደቱ 75 ሚሊሜትር ይጨመቃል። በቀለበቱ አስቀድመው 10 ሚሊሜትር ቢጨምቁት፣ ክብደቱ ሲያርፍ ጠቅላላ መጨመቁ ያው 75 ነው፤ መኪናው በ10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል እንጂ ጥንካሬው ከ40 አይጨምርም። ይልቁንም ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጥራል።

የታችኛው ማሰሪያ ለብቻው የሚዞርበት ዓይነት ከሆነ፣ ቀለበቱን ሞላው በእጅ ሲነካ እስከማይንቀሳቀስ ድረስ አጥብቀው ከዚያ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ይጨምሩ፤ ከፍታውን በታችኛው ማሰሪያ ያስተካክሉ። ማሰሪያው አምራቹ ከወሰነው ዝቅተኛ የጥርስ ርዝመት ባነሰ እንዳይያዝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኋላ ሞላው በክንዱ መሃል አካባቢ ከተቀመጠ ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲንቀሳቀስ ሞላው 7 ያህል ብቻ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ስለዚህ በቀለበቱ 7 ሚሊሜትር ማንሳት ፓራፋንጎውን 10 ያነሳዋል፣ የሞላው ጥንካሬም ጎማው ላይ ሲደርስ ግማሹ ገደማ ነው። የፊትና የኋላ ሞላዎችን ቁጥር አስተያይቶ «ኋላው በዝቷል» ማለት ከዚህ የተነሳ ስህተት ነው። ከፍታው ሲረጋ መቆለፊያ ቀለበቱን ያጥብቁና ጥርሶቹን አጽድተው ዝገት የሚከላከል ቅባት ይቀቡ።

የሾኩ ማስተካከያ ቁልፍ ካለው፣ ወደ ጠንካራው ጫፍ ሳያስገድዱ ዘግተው ከዚያ ወደ ኋላ ጠቅታዎቹን ይቁጠሩ፤ ግራና ቀኝ እኩል ይሁኑ፤ ከመሃል ይጀምሩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ጠቅታ፣ በአንድ አክስል ብቻ እየለወጡ በሚያውቁት መንገድ ይሞክሩ። መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢወዛወዝ የሾኩ መመለስ (ከተጨመቀ በኋላ ሲዘረጋ የሚያበርደው) ላልቷል። ተከታታይ ጉብታዎች ላይ ደግሞ እየሰመጠ ከሄደና ጎማው መንገዱን የሚዘል ከመሰለ ጠንክሯል፤ ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል። ብዙ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ይወዳል፤ በሻካራ መንገድ ግን ጎማው መንገዱን መያዙን የሚቀንሰው ያ ነው።

አላይመንትና ክትትል

መኪና ዝቅ ሲል ጎማዎቹ በአብዛኛው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ከፊትም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይጠማዘዛሉ። ጎማን ቶሎ የሚበላው ሁለተኛው ነው። ወደ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) መሣሪያው እስኪደርሱ ድረስ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል በፊት ጠርዛቸውና በኋላ ጠርዛቸው ላይ ያለውን ስፋት በሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ በቴስቲናው ዘንግ (የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው በሚያደርሰው) ላይ ያስተካክሉ፣ ሩቅም አይንዱ። በመሣሪያው ላይ ሲስተካከል የግራና የቀኝ ዘንበል ማለት ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ይጠይቁ። የፊት መብራቶቹም ከፍታ አብሮ ይስተካከል፤ ከኋላ በጭነት መጠን የሚሠራ የፍሬን ቫልቭ ካለ ዘንጉ ለአዲሱ ከፍታ መስተካከል ይኖርበታል።

መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል አዙረው ጎማው ከስትራቱና ከፓራፋንጎው ጋር እንደማይነካካ ይመልከቱ። ከስትራቱ አካል ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ርቀት መኖር አለበት። የመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች ሲያልቁ ሞላዎቹ ጥቂት ስለሚሰምጡ ከፍታውን እንደገና ይለኩ፣ ቡሎኖቹን ሁሉ በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ፤ ከፍታው ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተለወጠ አላይመንቱ ይደገም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ ከተሰማ ምንጩን ከሁኔታው መለየት ይቻላል። በቆመ መኪና መሪ ሲዞር «ጧ» የሚል ድምፅ ኩሽኔታው ወይም የሞላው ጫፍ ነው። በትናንሽ ጉብታዎች ላይ ቀጭን ኳኳታ ከተሰማ መጀመሪያ የስታቢላይዘር ሊንኩ፣ ቀጥሎ የመሃሉ ዳዶ ይታይ። ከባድ ግጭት በትልቅ ጉድጓድ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ስቶፐሩ እየሠራ ነው፤ ድምፁ በየጉብታው ከተደጋገመ ግን መኪናው ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሏልና 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።